ከደባርቅ ወደ ላይ፦ እስትንፋስን የሚለካ የእግር መንገድ

ከጎንደር ከተማ ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደባርቅ የሚደርስ መንገደኛ አስቀድሞ የሚያስተውለው ብርዱን ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናት። ጧት ገበያተኛው ጋቢውን ተከናንቦ፣ በቅሎና አህያውን ወደ ፊት እየነዳ ሲያልፍ ከሰውም ከእንስሳም አፍ የሚወጣው እንፋሎት እንደ ጭስ ይታያል። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት የሚገኘው በዚህችው ከተማ ሲሆን፣ ወደ ሳንቃበር፣ ወደ ግጭ፣ ወደ ጨነቅ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ራስ ዳሸን የሚወስዱት የእግር መንገዶች መነሻቸው ከዚህ ነው።

የእነዚህን መንገዶች ውበት የሚያወሱ ጽሑፎች ጥቂት አይደሉም። እኛ በዚህ ጽሑፍ መንገዱን እንደ አንድ ረጅም ቤተ ሙከራ አድርገን እንመለከተዋለን። ሽቅብ በወጣን ቁጥር ግፊቱ፣ ሙቀቱ፣ ዕፅዋቱና እንስሳቱ ይለዋወጣሉ፤ በሜዳ ላይ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ተጉዞ የሚገኘው ልዩነት እዚህ በሦስትና በአራት ቀን የእግር ጉዞ ውስጥ ታጭቆ ይገኛል። በአንድ የኅዳር ወር ከፋኩልቲው የተውጣጣን ስድስት ጓደኛሞች ይህን መንገድ ስንጀምር ከስንቃችን ጋር አንድ የሻይ ጀበና፣ አንድ የሙቀት መለኪያ፣ ጥቂት የታሸገ ብስኩትም ይዘን ነበር። የፓርኩ አስጎብኚና ጥበቃው አብረውን ነበሩ፤ ዕቃችንን የጫኑልን ደግሞ ዕድሜያቸው ከስድሳ የማያንስ ባለበቅሎ አባት ናቸው።

የማይበስለው ንፍሮ

ለመሆኑ ተራራ ላይ አየሩ ሳሳ ሲባል ምን ማለት ነው? ብዙ ተማሪ እንደሚገምተው የኦክስጅን ድርሻ ቀንሶ አይደለም። በባሕር ዳርቻም ይሁን በራስ ዳሸን ጫፍ ከደረቅ አየር ውስጥ 21 በመቶ ያህሉ ኦክስጅን ነው። የሚለወጠው የአየሩ ግፊት ነው። በላያችን ያለው አየር ክብደት አለው፤ ከፍ ባልን ቁጥር በላያችን የሚቀረው አየር ያንሳል፣ ግፊቱም ይቀንሳል። ደባርቅ ላይ ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው። 3,600 ሜትር ላይ ባለው የግጭ ሰፈር ወደ 64 በመቶ፣ በራስ ዳሸን ጫፍ ደግሞ ወደ 57 በመቶ ይወርዳል። እንግዲህ በአንድ ትንፋሽ ወደ ሳንባ የሚገባው ኦክስጅን በዚሁ መጠን ያንሳል ማለት ነው። የብስኩቱ ፓኮ ይህን ያለ መሣሪያ አሳየን፦ ከታች ልሙጥ የነበረው ፓኮ ግጭ ላይ እንደ ኳስ ተነፋፍቶ ተገኘ፤ በውስጡ የታሸገው የታች አገር አየር ነበርና።

ጀበናውም የራሱ ምስክርነት አለው። ውሃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከአካባቢው የአየር ግፊት ጋር ሲስተካከል ስለሆነ፣ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ቶሎ ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ የመፍያው ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ይቀንሳል። ደባርቅ ላይ ከ90 ዲግሪ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ሳንቃበር በ89፣ ጨነቅ በ88 ገደማ ሲፈላ አየን። ቁጥሩ ትንሽ ይምሰል እንጂ ባቄላ ለሚቀቅል ሰው ትልቅ ነው። ግጭ ላይ የጣድነው ንፍሮ ከሁለት ሰዓት በኋላ ከጥርስ ጋር ሲታገል ባለበቅሎው አባት ፈገግ ብለው በሷቸውን በጥብጠው ጠጡ። የተቆላ ገብስ ተፈጭቶ በቀዝቃዛ ውሃ የሚበላበት አገር፣ የቆሎና የበሶ ስንቅ ለመንገደኛ የሚመረጥበት ምክንያት አንዱ ይህ ሳይሆን አይቀርም ስንል ተነጋገርን። እሳቸው ግን፣ «ማገዶ ይቆጥባል» ብለው በአጭሩ ዘጉት።

የእኛ ስህተት

እዚህ ላይ ያልተገባ ነገር መሥራታችንን መናገር አለብን። አንድ ቀን ለማትረፍ ብለን ከደባርቅ ሳንቃበር ድረስ በመኪና ከተጓዝን በኋላ በዚያው ቀን በእግር ግጭ ገብተን አደርን። ከመካከላችን አንዷ ጓደኛችን ከድሬዳዋ በመጣች በሦስተኛው ቀን ነበር። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ እንደምትገኝ እያወቅን፣ ልዩነቱን በሰውነቷ ላይ አላሰላነውም። ሌሊቱን ራሷን አመማት፣ አስመለሳት፣ እንቅልፍም ነሳት። ጧት ውሃ እንኳ አልወርድ አላት።

ይህ የከፍታ ሕመም ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ከ2,500 ሜትር በላይ፣ በተለይም ሰው በፍጥነት ሲወጣ ይከሰታል። ጉልበተኛ መሆን አያድንም፤ እንዲያውም ጎበዝ ነኝ ባዩ ስለሚፈጥን ቀድሞ ይያዛል። ሰውነት ከከፍታ ጋር ለመላመድ ቀናት ያስፈልጉታል፦ በመጀመሪያ አተነፋፈሱን ያፈጥናል፣ ልብም አመታቱን ይጨምራል፤ በሂደት ኩላሊትና መቅኒ ሥራቸውን አስተካክለው ደሙ ብዙ ኦክስጅን እንዲሸከም ያደርጋሉ። ይህ ጊዜ ከተነፈገው ግን ምልክቱ በራስ ምታት ይጀምርና፣ ከከፋ በሳንባ ወይም በአንጎል ውስጥ ፈሳሽ እስከመጠራቀም ይደርሳል፤ ያ ደረጃ ይገድላል። የታወቀው ምክር፣ ከ3,000 ሜትር በላይ የየሌሊቱ ማደሪያ ካለፈው ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ከፍ እንዳይል፣ በየሦስትና አራት ቀኑም አንድ ቀን ማረፍ ነው። አንድ ሰው ምልክቱ ከታየበት ጭራሽ ከፍ ማለት የለበትም፤ ካልተሻለው ደግሞ መድኃኒቱ መውረድ ነው።

እኛ ጫፍ ላይ ሳንደርስ እንዳንመለስ ብለን ስንከራከር ቆየን። ክርክሩን የቆረጡት ባለበቅሎው አባት ናቸው። «ልጆቼ፣ ይቺን ልጅ ወደ ታች አውርዷት፤ ተራራው የትም አይሄድም» አሉ። ሁለት ጓደኞቻችን ከጥበቃው ጋር በበቅሎ ጭነው ወደ ሳንቃበር ወሰዷት። 350 ሜትር ያህል ብቻ ዝቅ ብላ ከሰዓት በኋላ ሻይ መጠየቋን የሰማነው በማግስቱ ነው።

የደጋ ሰው ደም

በዚያ መንገድ ላይ ከእኛ በፊት ሲሮጡ ያለፉት የእረኛ ልጆች ግን ለምን አላለከለኩም? ጥያቄው ሳይንቲስቶችንም ያስጨነቀ ነው። አሜሪካዊቷ የአንትሮፖሎጂ ተመራማሪ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቻቸው በስሜን በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤታቸውን አሳተሙ። ከዚያ በፊት የታወቁት ሁለት ዓይነት መላመዶች ነበሩ። የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ሰዎች በደማቸው ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን በጣም ያበዛሉ። የቲቤት ሰዎች ሄሞግሎቢናቸውን አያበዙም፣ በደማቸው ውስጥ ያለው የኦክስጅን ሙሌት ግን ዝቅ ያለ ነው። የስሜኖቹ ከሁለቱም ተለዩ፤ ሄሞግሎቢናቸውም ሆነ የኦክስጅን ሙሌታቸው በባሕር ጠለል ከሚኖር ሰው የሚራራቅ አልነበረም። አየሩ የነፈጋቸውን ኦክስጅን ደማቸው የነፈጋቸው አይመስልም። ከዚያ ወዲህ የተካሄዱ የዘረ መል ጥናቶች የየራሳቸውን ፍንጭ ቢያገኙም፣ አሠራሩ ገና ሙሉ በሙሉ አልተፈታም። በእኛ እምነት ከዚህ የተሻለ የመመረቂያ ጥናት ርዕስ የሚፈልግ የሥነ ሕይወት ተማሪ ካለ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።

የሕያዋን መሰላል

አባቶቻችን አገሩን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ ብለው ሲከፍሉ ከፍታን በሙቀትና በአዝመራ መለካታቸው ነበር። የአየሩ ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ በ6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀንሳል፤ መንገዱም ይህንን በዕፅዋት ይጽፈዋል። በደባርቅ ዙሪያ ባሕር ዛፍና የገብስ ማሳ ይታያል። ሳንቃበር ላይ ሽበት የመሰለ የዛፍ ሽበት የተንጠለጠለበት የአስታ ደን ይቀበለናል። ከግጭ በላይ አስታው እየቀጨጨ ሄዶ ጓሳውና ጅብራው ብቻ ይቀራሉ።

ጅብራ በእርግጥ ቆም ብለው ሊያዩት የሚገባ ተክል ነው። በከፍተኛ የአፍሪካ ተራሮች ላይ ቀኑ በጋ፣ ሌሊቱ ክረምት ነው ይባላል፤ ቀን ፀሐዩ ቆዳ ይልጣል፣ ሌሊት ውሃ ይረጋል። በእነዚህ ተራሮች የሚበቅሉት ግዙፍ ሎቤሊያዎች ሌሊት ቅጠሎቻቸውን ወደ መካከል ሰብስበው ለጋውን እምቡጥ ከውርጩ ይጋርዳሉ። ጅብራ ለብዙ ዓመታት እንዲህ እየኖረ ጉልበት ካጠራቀመ በኋላ ከሰው ቁመት በእጥፍ የሚበልጥ የአበባ ግንድ አንድ ጊዜ ብቻ ያወጣል፤ ዘሩን በትኖም ይሞታል። በየመንገዱ ዳር ቆመው የምናያቸው ደረቅ ግንዶች ሥራቸውን የጨረሱ ናቸው።

ሌሊቱን በገደሉ ጥርስ ላይ ያሳለፈው የጭላዳ መንጋ ደግሞ ፀሐይ ስትሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣል። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር የማይገኝ፣ ዋነኛ ምግቡን ሣር ያደረገ ብቸኛው የዝንጀሮ ዘመድ ነው። ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ ሣሩን እየነጨ፣ በመቀመጫው እየተንሸራተተ ሲግጥ ለሰዓታት ብናየው አይሰለችም። አንዳንዶቹ ከእኛ አሥር እርምጃ ርቀው ቁብ ሳይሰጡን ይበሉ ነበር።

ገደሉ ራሱ የ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ታሪክ ነው። በየተራ የፈሰሰው ቀልጦ የረጋ ድንጋይ፣ ባዛልት፣ በሺህ ሜትሮች ተደራርቦ ተከመረ፤ ወደ ተከዜ የሚወርዱት ወንዞች ከዚያ በኋላ ሲፈለፍሉት ኖሩ። የጅንባር ወንዝ በዚህ ገደል ላይ ሲወረወር 500 ሜትር ያህል ይወድቃል። ከ3,926 ሜትሩ እሜት ጎጎ ላይ ቆመን ቁልቁል ስናይ ከመካከላችን የሚናገር አልነበረም።

እግር ያረሰው

መንገዱ ራሱስ? ከግጭ ወደ ጨነቅ ስንሄድ በአንድ ተዳፋት ላይ ጎን ለጎን የሚሄዱ አምስት መንገዶች ቆጠርን። አፈጣጠሩ ቀላል ነው። የሰው ጫማና የበቅሎ ኮቴ አፈሩን ይጠቀጥቀዋል፤ የተጠቀጠቀ አፈር ውሃ አይመጥም። ዝናብ ሲዘንብ ውሃው በመንገዱ ላይ ይወርዳል፣ መንገዱ ቀጥ ብሎ ቁልቁል የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ቦይ ይሆንለታል። ቦዩ ሲጨቀይ ተጓዡ ጫማውን ለማትረፍ ጎኑን ይረግጣል፤ ያም በተራው ቦይ ይሆናል። በዚያ ቅዝቃዜ ሣር ቶሎ አያገግምም። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የፓርኩ ኃላፊ የነበሩት ስዊዘርላንዳዊው የጂኦግራፊ ሊቅ ሃንስ ሁርኒ ስለ አፈር መሸርሸር ማጥናት ከጀመሩባቸው ቦታዎች አንዱ ስሜን መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። ጥሩ መንገድ ተዳፋቱን በገደምዳሜ ይቆርጣል፣ በየመካከሉም ውሃውን ወደ ጎን የሚያስወጣ የድንጋይ መውጫ አለው። ይህን ካወቅን በኋላ ጭቃውን መሐል ለመሐል መርገጥ ጀመርን፤ ጫማችን ግን አላመሰገነንም።

መሰላሉ የሚያልቅበት

ጨነቅ 3,620 ሜትር ላይ ነው። በማለዳ ከገደሉ አፋፍ ላይ ተኝተን ቁልቁል ስንመለከት ሦስት ዋልያዎችን አየን። ዋልያ በዱር የሚገኘው በስሜን ብቻ ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቁጥሩ ከ200 በታች ወርዶ ነበር፤ ፓርኩ ከተቋቋመ በኋላ አንሰራርቶ ለብዙ መቶ ደረሰ፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ ዳግመኛ አሽቆልቁሏል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፣ በ2017 ወጣ። ከዚያ አንድ ዓመት አስቀድሞ፣ በ2016፣ በፓርኩ መካከል የነበረው የግጭ መንደር ነዋሪ ወደ ደባርቅ አካባቢ እንዲሰፍር ተደርጓል፤ ለዋልያው ቦታ ሲለቀቅ የተለቀቀው የሰው ቤት እንደነበረ መዘንጋት አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2019 እሳት ብዙ ጓሳና አስታ በላ። በ2021 ጦርነቱ እስከ ደባርቅ አካባቢ ደረሰ።

ከዚህ ሁሉ በታች ቀስ ብሎ የሚጓዝ ሌላ ነገር አለ። የአየሩ ሙቀት ሲጨምር ዕፅዋት ወደ ላይ ይሰደዳሉ፤ በስሜን የአስታው ወሰን ካለፈው ግማሽ ምዕተ ዓመት ወዲህ ሽቅብ መግፋቱ ተስተውሏል። የገብስ ማረሻም እንዲሁ ይከተላል። ከታች የሚገፋው እርሻ፣ ከላይ የሚጠበው ሜዳ ነው። ቧሂት 4,430 ሜትር፣ ራስ ዳሸን በአዲሱ ልኬት 4,550 ሜትር ገደማ (በድሮው የትምህርት መጽሐፍ 4,620) ላይ ያበቃሉ፤ ከዚያ በላይ ሰማይ ነው።

እኛም 4,200 ሜትር ላይ ካለው የቧሂት መተላለፊያ አላለፍንም። ወደ ራስ ዳሸን ለመሄድ ከዚያ እስከ መሸሃ ወንዝ ድረስ 1,400 ሜትር ያህል ወርዶ እንደገና መውጣት ያስፈልግ ነበር፤ ጓደኛችንም ሳንቃበር ትጠብቀናለች። ጀበናውን ለመጨረሻ ጊዜ ጣድነው። ውሃው በ86 ዲግሪ ፈላ። ባለበቅሎው አባት ሻዩን ቀምሰው «አልሞቀም» አሉ፤ የበቅሎዋን መቀነት አጥብቀውም ወደ ደባርቅ መልሰው ነዷት።