የድኻውን ደጅ የሚያንኳኳ ማኅበር

በየአገሩ ለዘመናት የኖረው ልማድ ድኻው ወደ ባለጠጋው ደጅ ሄዶ እጁን እንዲዘረጋ እንጂ ሰጪው ተነሥቶ ወደ ተቸገረው ቤት እንዲሄድ የሚያዝ አይደለም፤ የቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል ማኅበር ተብሎ የሚታወቀው የካቶሊካውያን ምእመናን የበጎ ፈቃድ ማኅበር ግን ይህን ልማድ ገልብጦ፣ አባላቱ ሁለት ሁለት እየሆኑ የችግረኛውን ደጅ ማንኳኳታቸውን የአገልግሎቱ ሁሉ መሠረት አድርጎታል።

ማኅበሩ የተመሠረተው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኤፕሪል 23 ቀን 1833 በፓሪስ ከተማ ሲሆን፣ ከመሥራቾቹ ይልቁንም ስመ ጥር የሆነው ፍሬዴሪክ ኦዛናም በዚያው ዕለት ሃያኛ ዓመቱን የደፈነ ተማሪ ነበረ። በክርክር ጉባኤ ላይ እርሱና ባልንጀሮቹ ስለ ክርስትና በጎ ሥራ ሲመሰክሩ፣ ተቃዋሚዎቻቸው የጥንቱን ትተው ዛሬ እነርሱ ራሳቸው ለድኾች ምን እንደሚያደርጉ ጠየቋቸው፤ ወጣቶቹም ለዚህ ጥያቄ መልሱ ንግግር ሳይሆን ምግባር መሆኑን ተገንዝበው፣ ኦዛናም ከአንድ ጓደኛው ጋር ከራሳቸው ማገዶ ተሸክሞ ወደ አንድ ችግረኛ ቤት እንደወሰደ ይተረካል። ጋዜጠኛው ኤማኑኤል ባዪ የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ሆነላቸው። በሙፍታር ሰፈር ድኾችን ያገለግሉ የነበሩት ሲስተር ሮዛሊ ራንዱም የሚጎበኙትን ቤተ ሰቦች እያመላከቱ፣ ለዳቦና ለሥጋ የሚሆን ኩፖን እየሰጡ፣ ይልቁንም በድኻው ላይ መፍረድን ትተው በትዕግሥት ማዳመጥን አስተማሯቸው።

ማኅበሩ በስሙ የሚጠራበት ቅዱስ ቪንሰንት (1581–1660) የልዑካን ካህናትን ማኅበር በ1625፣ ከቅድስት ሉዊዝ ደ ማሪያክ ጋር ደግሞ የፍቅር ሥራ ልጆች የተባለውን የደናግል ማኅበር በ1633 የመሠረተ አባት ነው። በ1839 ወደ አገራችን የመጡት፣ ሕዝቡ አቡነ ያዕቆብ ብሎ የሚጠራቸው ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስም የእነዚሁ ካህናት ማኅበር አባል ነበሩ።

የማኅበሩ አሠራር ያልተወሳሰበ ነው። በየቁምስናው ያሉት አባላት በጸሎት ስብሰባቸውን ይከፍታሉ፣ ከመንፈሳዊ መጽሐፍ ጥቂት ያነብባሉ፣ ከዚያም እያንዳንዱ ጥንድ የጎበኘውን ቤተ ሰብ ሁኔታ ይናገራል፤ የአንዲቱ እናት የቤት ኪራይ፣ የአንዱ ሕመምተኛ መድኃኒት፣ ጠያቂ ያጣው ሽማግሌ ብቸኝነት በየተራ ይመከርበታል። መዋጮው በከረጢት ሲዞር ማን ምን ያህል እንደጣለ አይታወቅም፤ በዚህም ባለጠጋው አይመካም፣ አቅመ ደካማው አባልም አያፍርም። በተቸገረው ቤት የታየውና የተሰማው ነገር ምስጢር ሆኖ ይጠበቃል፤ የሚረዳውም ሰው በሃይማኖቱ ወይም በዘሩ አይለይም።

በመቀመጥና በማዳመጥ የሚጀመረው ይህ ጉብኝት ሁለት ፍሬ አለው፤ ተረጂው ከእንጀራው ጋር ክብሩን ያገኛል፣ ጎብኚውም ድኽነትን ከወሬ ሳይሆን ከገጹ አይቶ ያውቀዋል። ኦዛናም ሶርቦን ገብቶ መምህር ከሆነ በኋላም ጉብኝቱን ያልተወው፣ ምጽዋት ብቻውን እንደማይበቃና የድኽነትን መንሥኤ የሚመረምር ፍትሕም እንደሚያስፈልግ ያስተማረው፣ በዚሁ ዕውቀት ነው። ዐርባ ዓመት ሆኖት በ1853 ያረፈው ይህ ምእመን በ1997 በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ብፁዕ ተባለ፤ በጥቂት ወጣቶች የተጀመረው ማኅበርም ዛሬ በ150 ገደማ አገሮች ያገለግላል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የየትኛውም ቤተ እምነት ልጅ ብትሆን፣ ምጽዋትህን በሌላ ሰው እጅ መላክ መልካም ቢሆንም በዚያ ብቻ አትርካ፤ በመንደርህ የሚጠይቀው ያጣውን ሰው ፈልገህ፣ ደጁን አንኳኩተህ፣ ሲፈቅድልህም ገብተህ ተቀመጥና ችግሩን ከራሱ አንደበት ስማ።