በጁባ የእንግሊዝኛ ውሎች ውስጥ የንዑስ ጭረት አገባብና ትርጉም

እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የደቡብ ሱዳን የሽግግር ሕገ መንግሥት እንግሊዝኛን የመንግሥት የሥራ ቋንቋ አድርጓል። ስለዚህ በጁባ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ የሥራ ውል የሚቀርብለት ብዙ ጊዜ በዚህ ቋንቋ ነው።

በእንግሊዝኛ ንዑስ ጭረት ሁለት ተግባር አላት፤ በመስመር መጨረሻ የተከፈለ ቃል እንደሚቀጥል ታመለክታለች፤ የቃሉ አካል ሆናም ትርጉም ትለያለች። «ሪዛይን» ያለ ጭረት ሲጻፍ ሥራ መልቀቅ ነው፤ ተመሳሳዩ «ኩዊት» ነው። በእነዚያው ፊደላት መካከል ጭረት ሲገባ «ሪ-ሳይን» ተብሎ ይነበባል፤ ትርጉሙም ዳግም መፈረም ነው፤ ስለ ውል ሲነገር «ሪኒው» ይተካዋል። ቃሉ በመስመር መጨረሻ ሲከፈል ግን ሁለቱ በዓይን አይለዩም።

ይህ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ነው። በብራና ጽሑፎች ቃል ያለ ምልክት ተከፍሎ ወደ ቀጣዩ መስመር ይሻገራል፤ ፍጻሜውን የሚያሳየው ሁለት ነጥብ ነው።

መፍትሔው ተመሳሳዮቹን በየተራ ተክቶ ማንበብ ነው። ተከታዩ ቃል «ውል» ከሆነ ማደስ፣ «የሥራ መደብ» ከሆነ መልቀቅ ይስማማል። ተከታይ ቃል ከሌለ፣ ከመፈረም አስቀድሞ ቃሉ ሳይከፈል በአንድ መስመር እንዲጻፍ መጠየቅ ይገባል፤ ልዩነቱ በሥራ ላይ መቆየትና ከሥራ መውጣት ነውና።