ቀለም ቀቢው የማይነግርዎ

ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ፣ መልካሳ ላይ ቤት እያሠሩ ከሆነ አንድ ነገር በጆሮዎ ልንገርዎ። የቤትዎ ቀለም ከአንድ ክረምት በኋላ ቢላጥ መጀመሪያ የሚወቀሰው ቀለሙ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የልስኑ ነው። እኛ ቀለም ቀቢዎች ደግሞ ይህን ገና በሩን አልፈን ስንገባ እናውቀዋለን። ግድግዳውን በመዳፋችን ጠረግ እናደርጋለን፤ እጃችን ላይ ግራጫ ዱቄት ከቀረ ነገሩ ገብቶናል። ባለቤቱ «መቼ ትጨርሳላችሁ?» ሲል ግን ብዙዎቻችን ዝም እንላለን። «ገና ነው፣ ይቆይ» ያለ ሰው ሥራውን ለሌላ ያስረክባል።

ደገኛው ልስኑ አልደርቅ ብሎ ይቸገራል። እዚህ ጠንቁ ቶሎ መድረቁ ነው። መልካሳ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,550 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በበጋ ፀሐይና ነፋስ ተባብረው ጠዋት የተለሰነውን ግድግዳ ከሰዓት በኋላ ያነጡታል። ሲሚንቶ ግን የሚጠነክረው በመድረቅ አይደለም፤ ውሃ ይዞ ሲቆይ ነው። ውሃው ቀድሞ ከተነነ ላዩ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ብሎኬቱም የበኩሉን ያደርጋል። በዚህ አካባቢ ብሎኬት የሚሠራው በብዛት ከፑሚስ ነው፤ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነውና ውስጡ ቀዳዳ ብቻ ነው። የልስኑ የመጀመሪያ ንብርብር፣ ግርፉ፣ ከመመታቱ በፊት በደንብ ካልራሰ የልስኑን ውሃ መጥጦ ይጨርሰዋል።

ስለዚህ ልስን ቢያንስ ለ7 ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ መጠጣት አለበት። ማን ያጠጣው? ለሳኙ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄዷል። ቀለም ቀቢው ገና አልመጣም። ሥራው ዘበኛው ላይ ይወድቃል፤ እሱም ከቦኖ በጀሪካን እየቀዳ ነው የሚያመጣው። ሁለት ቀን ያጠጣል፣ በሦስተኛው ይተወዋል። አይፈረድበትም፤ ቀድሞ የነገረውም የከፈለውም የለም።

ከዚያ በኋላ ደግሞ መጠበቅ አለ። የሲሚንቶ ጥንካሬ የሚለካው በ28 ቀኑ ነው፤ ቀለምም እስከዚያ ቢታገሥ ይመረጣል። አንዲት እናት «እትዬ፣ ግድግዳው ገና ነው» ሲባሉ «ኧረ ልጄ፣ ይኸው እጄን አሳርፌበት፤ ደረቅ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ላዩ ደርቋል። ስኩዌር ሜትር የማይሞላ ላስቲክ ዙሪያውን በስኮች ታሽጎ ተለጠፈበት። በማግስቱ ላስቲኩ ከውስጥ በኩል ጠል አዝሎ ተገኘ። ይህን ማንኛውም ባለቤት ራሱ ሊሞክረው ይችላል፤ የሚያስወጣው ነገር የለም።

እርጥበቱ ብቻውን አይደለም የሚጎዳው። አዲስ ልስን አልካሊው ኃይለኛ ነው፤ ፒኤቹ ከ12 ያልፋል። የዘይት ቀለም ካረፈበት ዘይቱን ወደ ሳሙና ይለውጠዋል። ኮሪደርና ኩሽና ላይ የግድግዳው ታችኛው ክፍል ዘይት ቀለም ተቀብቶ ቆይቶ የሚላላጠው፣ በጥፍር ሲነካ እንደ ቆዳ የሚገፈፈው በዚህ ነው። አዲስ ግድግዳ ላይ መጀመሪያ አልካሊ የሚችል ፕራይመር፣ ካልተገኘም በውሃ ቀጠን ያለ ፕላስቲክ ቀለም ይቅደም። ፕላስቲክ ቀለም ግድግዳውን ያስተነፍሰዋል፤ ዘይት ቀለም ግን ያፍነዋል።

ጨውም አለ። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ በብዙ ቦታ ሶዲየምና ባይካርቦኔት የበዛበት ነው። በእንዲህ ዓይነት ውሃ ከተቦካ፣ ወይም እርጥበት ከመሠረቱ ወደ ላይ ከሳበ፣ ግድግዳው ከታች ነጭ አመዳይ ያወጣል። በእርጥብ ጨርቅ የሚጠርግ ቀቢ ካዩ ያስቁሙት፤ ጨው በውሃ ይሟሟና ተመልሶ ይገባል፣ ሲደርቅ ቀለሙን ገፍቶ ይወጣል። በደረቅ ብሩሽ ይነሣ፣ ጥቂት ቀን ይታይ፣ ከመጣ እንደገና ይነሣ። መምጣቱን ሳያቆም አይቀባም።

ዋናው ምስጢር ግን ስቱኮ ነው። ስቱኮ ሁሉን ይሸፍናል፤ የተሰነጠቀውን፣ የነፋውን፣ ዱቄት የሆነውን። በተረከቡ ቀን ግድግዳው ያብረቀርቃል። ዱቄት ላይ የተሳበ ስቱኮ ግን የያዘው ነገር ስለሌለ ከነቀለሙ እየተቀረፈ ይወርዳል። ልባም ቀቢ ስቱኮውን ከመክፈቱ በፊት በቁልፍ ወይም በስፓቱላ እጀታ ግድግዳውን ኳ ኳ እያደረገ ይዞረዋል። ባዶ ድምፅ የሰጠው ቦታ ለቋል፤ ተነሥቶ እንደገና ይለሰናል። ኮለንና ብሎኬት የሚገናኙበት ስንጥቅ በስቱኮ ብቻ አይደፈንም፤ ሁለቱ በሙቀት የሚሳቡት እኩል ስላልሆነ ከፍቶ፣ ወንፊት ሽቦ ይዞ መመለስ አለበት። ከዚያ ስቱኮው በስሱ ሁለት ጊዜ ይሳባል። በብርጭቆ ወረቀት ሲታሸም አምፖል ከጎን ተይዞ ነው፤ ጉብታው በጥላው ይታያል። ትቢያው ሳይጠረግ ቀለም አይነካውም።

የግድግዳ ወረቀት ለሚያስለጥፉ ከዚህም በላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ፕላስቲክነት ያለው ወረቀት እርጥበቱን አያስወጣም፤ ከሥሩ ሻጋታ ያበቅላል።

ጥር ላይ ሰርግ አለብኝ፣ ተከራይ ይዣለሁ የሚል ሰው ብዙ ነው። እንግዲያው ቀኑን ከኋላ ወደ ፊት ቆጥረው ልስኑን ያስቀድሙ። ከለሳኙ ጋር ሲዋዋሉም ውሃ ማጠጣቱ የማን ሥራ እንደሆነና ለስንት ቀን እንደሆነ በጽሑፍ ያስቀምጡ፤ ለዘበኛውም የልፋቱን ይክፈሉት።