ኦክስጅን ሳይለካ ስለ ኦክስጅን የሚናገረው ሰዓት

ሩጫው አልቆ ቁልፉ ሲጫን የስፖርት ሰዓቱ ገጽ ላይ 44 ወይም 52 የሚል ቁጥር ይወጣል፤ ከጎኑም «ጥሩ» ወይም «እጅግ ጥሩ» የሚል ደረጃ ይለጠፍበታል። አምራቾቹ ቪኦቱ ማክስ ይሉታል። ሰውነት ባለ በሌለ አቅሙ ሲሠራ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ስንት ሚሊ ሊትር ኦክስጅን መጠቀም እንደሚችል የሚናገር ልክ ነው። ተራ ቁጥር አይደለም። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መግለጫ፣ የልብና የሳንባ ብቃት እንደ ደም ግፊት ሁሉ ሐኪም ቤት ውስጥ በመደበኛነት ሊታይ የሚገባው ነገር መሆኑን አስታውቋል። ቁም ነገሩ ይህን ያህል ከሆነ፣ ሰዓቱ ቁጥሩን ከየት እንዳመጣው ማወቅ ተገቢ ነው። የምንተነፍሰውን አየር የሚለካ ምንም ነገር ውስጡ የለምና።

ትክክለኛው ልኬት ከትንፋሽ ይጀምራል። እንግሊዛዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ አርቺባልድ ሂል እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ ሣር ሜዳ ላይ እየሮጠ፣ የሚያወጣውን አየር ጀርባው ላይ ባዘለው ከረጢት ውስጥ ያጠራቅም ነበር። ከባልደረባው ከሃርትሊ ላፕተን ጋር ያስተዋሉት ነገር ፍጥነት ቢጨመርም የኦክስጅን አጠቃቀም የማያልፈው ጣሪያ መኖሩን ነው። የዛሬው ላብራቶሪ የሚሠራውም በዚሁ ሐሳብ ነው። ሰውየው አፍና አፍንጫውን በጭንብል ሸፍኖ የመሮጫ ማሽን ላይ ይወጣል፤ በየጥቂት ደቂቃው ፍጥነቱ ወይም ዳገቱ ይጨመርበታል፤ «በቃኝ» እስኪል ድረስም የሳበውና ያስወጣው ኦክስጅን ልዩነት ይመዘገባል። አድካሚ ነው፣ ውድ ነው፣ መሣሪያው ያለበት ቦታም ጥቂት ነው።

ሰዓቱ የሚሄደው በሌላ መንገድ ነው። ከጀርባው ያሉት ትንንሽ አረንጓዴ መብራቶች ቆዳ ውስጥ ብርሃን ይልካሉ፤ ደም አረንጓዴ ብርሃንን በደንብ ስለሚውጥ፣ ልብ በመታ ቁጥር የሚመለሰው ብርሃን ከፍ ዝቅ ይላል። ከዚህ የልብ ምት ይገኛል፤ ፍጥነት ደግሞ ከጂፒኤስ። ሁለቱን የሚያገናኘው እውቀት አሮጌ ነው። ስዊድናውያኑ ኦስትራንድና ሪሚንግ ልብ በየሥራው መጠን የሚመታውን ይዘው፣ ሰውን እስከ መጨረሻው ሳያደክሙ ጣሪያውን የሚገምቱበትን ሰንጠረዥ እ.ኤ.አ. በ1954 አሳትመዋል። ዛሬ የየኩባንያው ስሌት ዝርዝር ይለያያል፣ አብዛኛውም የንግድ ምስጢር ነው፤ ሰዓት አምራቹ ጋርሚን እ.ኤ.አ. በ2020 ፈርስትቢት አናሊቲክስ የተባለውን የፊንላንድ ኩባንያ የገዛው ለዚህ ዓይነቱ ስሌት ብሎ ነው። መሠረቱን ግን በቀላል ምሳሌ ማየት ይቻላል። የ40 ዓመት ሰው ዕረፍት ላይ ልቡ በደቂቃ 60 ይመታል እንበል። ሰዓቱ ከፍተኛ ምቱን ከ220 ላይ ዕድሜውን ቀንሶ 180 ብሎ መዝግቧል። ሰውየው ሜዳማ መንገድ ላይ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ልቡ 150 ይመታል። በዚህ ፍጥነት የሚሮጥ ሰው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በደቂቃ 37 ሚሊ ሊትር ገደማ ኦክስጅን እንደሚጠቀም በሰፊው የሚሠራበት የአሜሪካ ስፖርት ሕክምና ኮሌጅ ቀመር ይናገራል። ከ60 እስከ 180 ካሉት 120 ምቶች ልቡ የተጠቀመው 90ውን፣ ማለትም ሦስት አራተኛውን ነው። የዕረፍቱ ፍጆታ ታስቦለት ሙሉ አቅሙ ሲሰላ 48 ይመጣል።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። በስሌቱ ውስጥ በእርግጥ የተለኩት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፤ ፍጥነቱና ልብ ለዚያ ፍጥነት የከፈለው ዋጋ። 37ቱ ሚሊ ሊትር ከሌሎች ሰዎች አማካይ የተወሰደ ነው። ሯጮች ደግሞ አማካይ አይደሉም። አሜሪካዊው ሯጭ ፍራንክ ሾርተር ላብራቶሪ ውስጥ ሲለካ ያስመዘገበው 71 ገደማ ነበር፤ የአገሩ ልጅ ስቲቭ ፕሪፎንቴን 84 አልፏል። ሆኖም ሾርተር በዚያ ቁጥሩ እ.ኤ.አ. በ1972 ሙኒክ ላይ የኦሊምፒክ ማራቶንን አሸንፏል፤ የእኛው ማሞ ወልዴ ነሐስ ያገኘበትን ውድድር። ሾርተር በትንሽ ኦክስጅን ብዙ መሮጥ የሚችል ቁጥብ ሯጭ ነበር። እንዲህ ያለው ሯጭ ልቡ ሳይጨነቅ ስለሚፈጥን፣ ሰዓት ቢያስር ቁጥሩ ከላብራቶሪው ልቆ ይገኝ ነበር። እንደ ኦክስጅን ልኬት ካየነው ይህ ስህተት ነው። እንደ ሩጫ ብቃት ልኬት ካየነው ግን የአሯሯጥ ቁጥብነትንም አብሮ ስለሚያስገባ፣ ውድድር ላይ ለሚሆነው ነገር የቀረበ ነው። ስለዚህ ይህን ቁጥር የልብና የፍጥነት ሚዛን አድርጎ ማንበብ ይሻላል ባይ ነኝ፤ የሚወዳደረውም ከባለቤቱ የትናንት ቁጥር ጋር እንጂ ከጓደኛ ቁጥር ጋር ወይም ከሰንጠረዥ ጋር መሆን የለበትም።

«ግምት ከሆነ ምን ይረባል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ግምት ሁሉ አንድ አይደለም። ሰዓቱ የአንድን ሰው አቅም ዘወትር በአራት ነጥብ አሳንሶ የሚያይ ከሆነ፣ በሦስት ወር ውስጥ ከ42 ወደ 46 መውጣቱ እውነተኛ መሻሻል ነው፤ ጉድለቱ በሁለቱም ላይ እኩል አለና። የሚያሳስበው እየተለዋወጠ የሚመጣው ስህተት ነው፤ የመጀመሪያው ምንጭም ክንድ ነው። ማሰሪያው ከላላ ወይም እጅ ከቀዘቀዘ፣ ሰዓቱ የልብን ምት ትቶ የእርምጃን ምት ሊቆጥር ይችላል። ቀስ ብሎ የሚሮጥ ሰው ልብ 170 ይመታል ብሎ ሲመዘግብ ብዙውን ጊዜ ነገሩ ይኸው ነው። አረንጓዴው ብርሃን በጠቆረ ቆዳ ላይ አይሠራም የሚል ስጋትም አለ። በዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 53 ሰዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት በቆዳ ቀለም ምክንያት የጎላ ልዩነት አላገኘም፤ ትልቁ ልዩነት የታየው በመሣሪያ ዓይነትና በእንቅስቃሴ ነው። እርግጠኛ መሆን የፈለገ ሰው ደረት ላይ የሚታሰረውን ቀበቶ ቢጠቀም ይሻለዋል።

ሁለተኛው ምንጭ ቦታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከዋሽንግተን ለበዓል የመጣ ሯጭ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እዚህ ሲሮጥ፣ በለመደው ፍጥነት ልቡ አብዝቶ ስለሚመታ ቁጥሩ ይወርዳል። ሰዓቱ አልዋሸም፤ አየሩ በሳሳበት ቦታ ሰውነት የሚጠቀምበት ከፍተኛ ኦክስጅን በእርግጥም ይቀንሳል። ሰውየው ግን ብቃቱን አልጣለም። ከፍታን አስልተው የሚያስተካክሉ ሰዓቶች አሉ፣ የማያስተካክሉም አሉ። ድሬዳዋ የወረደ የአዲስ አበባ ሰው በተቃራኒው አየሩ ቢበዛለትም ሙቀቱ ልቡን ያፈጥንበታል። ውኃ ሳይቀመስ በጾም መሮጥ፣ ዕንቅልፍ ማጣትና ትኩሳትም እንዲሁ ያደርጋሉ። የልብ ምት የሚያዘገይ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ያላገኘውን ብቃት በቁጥር ሊያይ ይችላል፤ እርሱ ይህን ግምት ጨርሶ ባያምነው ይሻላል።

አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ ክንዱ ላይ የልብ ምት የሚቆጥር ነገር አልነበረም የሚለው መከራከሪያ ከሁሉም ይበልጥ ይከብዳል። እውነት ነው፤ ሰዓት ሯጭ አይፈጥርም። ግን አበበ አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን ነበሩለት፤ የሚያየውና የሚመዝነው ሌላ ዓይን ነበረው። ከሥራ በፊት ብቻውን የሚሮጠው የቢሮ ሠራተኛ ይህ የለውም። ለእርሱ፣ ጉድለቱ የታወቀ ቁጥር ምንም ከሌለው ይሻላል።

ከስህተቶቹ ሁሉ ትልቁን ግን ባለቤቱ ራሱ ሊያርመው ይችላል። ከ220 ላይ ዕድሜ የሚቀንሰው ቀመር የብዙ ሰው አማካይ ነው፤ የአንድ ሰው ትክክለኛ ከፍተኛ ምት ከዚያ በ10 ወይም በ12 መራቁ የተለመደ ነው። የቅድሙ ሰው እውነተኛ ከፍተኛ ምቱ 192 ቢሆን አቅሙ 48 ሳይሆን 52 ነው፤ 168 ቢሆን ደግሞ 44 እንኳ አይሞላም። ሩጫው ያው፣ ልቡ ያው፣ የተለየው ሰዓቱ ውስጥ የተሞላው አንድ ቁጥር ነው። ስለዚህ ጤነኛ የሆነ ሰው፣ ዕድሜው የገፋ ወይም የልብ ችግር ያለበትም ሐኪም አማክሮ፣ በደንብ ካሟሟቀ በኋላ ረዘም ያለ ዳገት ሁለት ሦስት ጊዜ ባለ በሌለ ኃይሉ ይውጣና ያየውን ከፍተኛ ምት ሰዓቱ ውስጥ ያስገባ። ከዚያ በኋላ በወር አንድ ጊዜ፣ በዚያው ሜዳማ መንገድ፣ ጠዋት በዚያው ሰዓት፣ ማሰሪያውን ከአንጓው ከፍ አድርጎና አጥብቆ ይሩጥ፤ የዚያን ዕለት ቁጥር ከባለፈው ወር ቁጥር ጋር ያስተያይ።