በፎቶግራፍ የማይታየው የሐምቡርግ ኦርጋን

ኦርጋን ሲባል ብዙዎቻችን የምናስታውሰው በኤሌክትሪክ የሚሠራውን የሙዚቃ መሣሪያ ነው። በጀርመኗ የወደብ ከተማ በሐምቡርግ፣ በቅዱስ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያን ያለው ግን ግድግዳ የሚያክል ነው። አርፕ ሽኒትገር የተባለው ዝነኛ ኦርጋን ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1693 ያጠናቀቀው ይህ መሣሪያ 4,000 ገደማ ቧንቧዎች አሉት። ዮሐን ሴባስትያን ባኽ እ.ኤ.አ. በ1720 እዚህ ለኦርጋን ተጫዋችነት አመልክቶ ነበር፤ ሥራው ግን ለቤተ ክርስቲያኑ 4,000 ማርክ ለከፈለ ሌላ ሰው ተሰጠ።

የአብዛኞቹ ቧንቧዎች አሠራር ከዋሽንት ብዙም አይርቅም። ወናፍ አየር ያጠራቅማል፤ ተጫዋቹ ቁልፍ ሲጫን ከቧንቧው ሥር ያለው ክዳን ይከፈታል፤ አየሩም በቀጭን ስንጥቅ አልፎ በውስጡ ያለውን አየር ያርገበግባል። ቧንቧው በረዘመ ቁጥር ድምፁ ይወፍራል። አሥር ሜትር ገደማ የሚረዝመው ቧንቧ በሰከንድ 17 ጊዜ ያህል ብቻ ስለሚርገበገብ፣ ከጆሮ ይልቅ ደረት ያውቀዋል።

ብረታ ብረቱ የቆርቆሮና የእርሳስ ቅይጥ ነው (የቤት ክዳኑን ሳይሆን ማዕድኑን ማለቴ ነው)። ለስላሳ ስለሆነ ለቅርጽ ይመቻል፤ ለስሕተትም እንዲሁ። ከአንድ ቧንቧ አፍ ጥቂት ሲቆረጥ ጠባዩ ይለወጣል፤ የተቆረጠውን መመለስ ደግሞ እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ይኸው ማዕድን ለጥፋትም ዳርጎታል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1917፣ ከፊት ለፊት ተደርድረው ያጌጡት ቧንቧዎች ለጦር መሣሪያ ግብአት ተወስደው ቀለጡ። በሁለተኛው ጦርነት ግን ጥንቃቄ ተደረገ፤ የውስጥ ቧንቧዎቹና የአየር ሣጥኖቹ አስቀድመው ተነቅለው ተሸሸጉ። እ.ኤ.አ. በ1944 ቤተ ክርስቲያኑ በአየር ድብደባ ሲወድም ባለቅርጹ የእንጨት አካል አብሮ ጠፋ።

ከጦርነቱ በኋላ የተረፈው ተመልሶ ቢተከልም፣ የተሟላ እድሳት ያገኘው ዩርገን አሬንድ የተባለው ባለሙያ እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 1993 በሠራው ሥራ ነው። የፊት ቧንቧዎቹና የእንጨት አካሉ በጥንቱ አምሳል እንደ አዲስ ተሠሩ፤ በየዘመኑ ጥገና የተለወጡት አሮጌ ቧንቧዎችም ወደ ቀድሞ ድምፃቸው እንዲመለሱ ተደረገ። ምህንድስና ላጠና ሰው ይህ ከአዲስ ግንባታ ይከብዳል፤ አንድን ቧንቧ ከመንካት በፊት የቀደመው ሠሪ ምን ሊሰማ ፈልጎ እንደነበር መረዳትን ይጠይቃልና።

ዛሬ ጎብኚዎች አንጋጠው ፎቶግራፍ የሚያነሷቸው የሚያብረቀርቁት የፊት ቧንቧዎች ከመሣሪያው ክፍሎች ሁሉ አዲስ ከሆኑት መካከል ናቸው። ባኽ በተመኘው ኦርጋን ውስጥ የነበሩት ከጀርባቸው በጨለማ ቆመዋል፤ አንዳንዶቹም ከሽኒትገር በፊት ከነበረው ኦርጋን የተወሰዱ ናቸው።