አዲስ ሾትገን እጅ ሲቆርጥ፦ ተረትና እውነታ

አሜሪካ ውስጥ ለዳክዬ ወይም ለተርኪ አደን ብሎ ዋጋው መጠነኛ የሆነ ፓምፕ ሾትገን (የፊት እጀታውን ወደ ኋላና ወደ ፊት እየሳቡ ጥይት የሚያጎርሱት) የገዛ ሰው፣ ካዝናውን መሙላት ገና ሲለማመድ አውራ ጣቱ ሊደማ ይችላል። የጥይት ማስገቢያው ከንፈር ስለታም ሆኖ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ምክሩ ይበዛል፤ ከሚሰጠው ምክር ውስጥ ግን ጣትን ብቻ ሳይሆን ሕይወትን አደጋ ላይ የሚጥልም አለ።

«የሚቆርጥ ጠመንጃ ብልሹ ወይም የውሸት ነው» ይባላል። አይደለም። ብረት በፍሬሳ ሲቆረጥ ወይም በፕሬስ ሲበሳ ጠርዙ ላይ ቀጭንና ስል ቅሪት ይቀራል። ያንን በእጅ ማንሳት ጊዜ ይፈጃል፣ ጊዜውም ዋጋ ላይ ይጨመራል። ሬሚንግተን 870 ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 ገበያ ላይ የዋለው ይህ ሾትገን በ2009 10 ሚሊዮንኛው ተመርቷል። በ1987 ኤክስፕረስ የተባለው ርካሽ ዓይነት ሲወጣ አሠራሩ ከውዱ ዊንግማስተር ጋር አንድ ነበር፤ የተቀነሰው በዋናነት ማለስለሱና ማሳመሩ ነው። እዚህ ጠመንጃ ላይ ጣት የሚነክስ ሌላም ነገር አለ። ጥይቱን ወደ በርሜሉ የሚያነሳው ምላስ ማስገቢያው ላይ ተጋድሞ ስለሚተኛ፣ ጥይት ሲገባ በአውራ ጣት ወደ ላይ ይገፋል፤ ጣትም እዚያው ይያዛል። ሞስበርግ 500 ላይ ይኸው ምላስ ወደ ላይ ተነስቶ ስለሚቆይ ይህ ችግር የለም።

«መቶ ጥይት ተኩስበት፣ ራሱ ይለሰልሳል» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ብረት ከብረት የሚፋተግባቸው ቦታዎች፣ ለምሳሌ ፓምፑን ከውስጥ ዕቃው ጋር የሚያያይዙት ዘንጎች፣ በሥራ ብዛት ይለሰልሳሉ። የማስገቢያውን ከንፈር የሚነካው ግን በዋናነት የጥይቱ ፕላስቲክ ቀለህና የሰው ቆዳ ነው። ሁለቱም ከብረቱ የለሰለሱ ናቸው፤ የሚያልቀው ቆዳው ነው።

ከሁሉም አደገኛው «ሞረድ አንሳና የሚቆርጠውን ሁሉ ሞርደው» የሚለው ነው። ጠመንጃ ላይ ስል የሆነ ጠርዝ ሁሉ ስህተት አይደለም። ቃታው እስኪሳብ ድረስ መቺውን ቆልፎ የሚይዘው ጥርስ ጠርዙ የተሳለው ሆን ተብሎ ነው። ያንን ትንሽ እንኳ የነካ ሰው፣ ቃታ ሳይሳብ የሚተኩስ ጠመንጃ ሊሠራ ይችላል። ቀለህ ስቦ የሚያወጣው ጥፍር፣ መቆለፊያው የሚገጥምባቸው ፊቶች፣ ጥይት የሚጎርስበት የበርሜሉ ሥርና የአፈሙዙ ጫፍም በሞረድ አይነኩም።

የሚነካው እጅ የሚያርፍበት የውጭ ጠርዝ ብቻ ነው። በመጀመሪያ ጥይቱን ከካዝናውም ከበርሜሉም አውጥተው፣ ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም አረጋግጠው፣ ጥይቱን ሌላ ክፍል ያኑሩ። በመመሪያው መሠረት በርሜሉንና የቃታውን ክፍል ያውልቁ፤ የብረት ብናኝ እዚያ መግባት የለበትም። ስል ቦታውን በጣት አይፈልጉ፤ ጥጥ ሲጎትቱበት ክሩ የሚያዝበት ቦታ እሱ ነው። ከዚያ ዙሪያውን በማጣበቂያ ፕላስተር ሸፍነው፣ በደቃቅ መሳያ ድንጋይ ወይም በ400 ከዚያም በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብለው ጠርዙን ብቻ ይስበሩት። ቅርጹን መለወጥ አያስፈልግም፤ ጥጡ መያዙን ሲተው ሥራው አልቋል። ግራይንደር ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ በአንድ አፍታ የሚያነሳው ብረት ተመልሶ አይገባም። ብናኙን በደንብ ጠርገው ከገጠሙት በኋላ ባሩድ በሌለው የልምምድ ጥይት ፓምፑንና የደኅንነት መቆለፊያውን ይሞክሩ።

«ጥቁሩ ቀለም ነው፣ ቢነሳ ምንም አይደል» ለሚሉ ደግሞ፦ ብረቱን ያጠቆረው ብዙውን ጊዜ ከራሱ ከብረቱ የተፈጠረ ስስ ልባስ ነው። እሱ ሲነሳ የተራቆተው ብረት በእጅ ላብ ብቻ ይዝጋል። የማጥቆሪያ ፈሳሽ ቀብቶ ዘይት ማስነካት ይበቃዋል። ሞስበርግ 500 ግን አካሉ አልሙኒየም ነው፤ ለብረት የተሠራው ማጥቆሪያ እዚያ ላይ አይሠራም፣ ለአልሙኒየም የተዘጋጀውን መግዛት ያስፈልጋል።

ስለ ቁስሉም አንድ ነገር ልበል። «አዲስ ብረት ነው፣ አልዛገም፣ መንጋጋ ቆልፍ አያመጣም» ብሎ መዘናጋት ስህተት ነው። በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ የሚኖረው አፈርና እበት ውስጥ እንጂ ዝገት ውስጥ አይደለም። የአዳኝ እጅ ደግሞ አፈር ይነካል። የአዋቂ ክትባት በየ10 ዓመቱ ይታደሳል፤ ቁስሉ ጥልቅ ወይም ቆሻሻ ከሆነና ከመጨረሻው ክትባት 5 ዓመት ካለፈ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ከተኮሱ በኋላ ቀለሁ ተጣብቆ አልወጣ ካለ፣ ጥይት የሚጎርስበት ቦታ ሻካራ ሆኖ ሊሆን ይችላል። እዚያ ውስጥ ብርጭቆ ወረቀት አያስገቡ፤ ይልቁንም ለአምራቹ ይላኩት። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ባለቤቱ ጠመንጃውን ለጥገና በቀጥታ ወደ አምራቹ መላክ ይፈቀድለታል፤ የተጠገነውም በቀጥታ ለእሱ ሊመለስ ይችላል። እባክዎ ሞረድ ከማንሳትዎ በፊት አምራቹ ጋ ይደውሉ፤ በባለቤቱ እጅ የተነካካ ጠመንጃ ዋስትናው ሊቀር ይችላል።