የትናንሽ ባለሸራ ጀልባዎች ልባስ፤ አለባበሱና አወላለቁ

አንድ ሕዝብ ዕቃውን እንዴት እንደሚሠራ የሚገልጡ ጽሑፎች ብዙዎች ናቸው፤ ከሥራ በኋላ እንዴት አድርጎ እንደሚያስቀምጠው የሚናገሩት ግን ጥቂቶች ናቸው። ይሁን እንጂ ዕቃ ዕድሜውን የሚያጣው ብዙ ጊዜ ሥራ ፈትቶ በተቀመጠበት ወራት ነው። ለዚህ ማስረጃ ይሆነን ዘንድ በእንግሊዝ አገር የተለመደውን የትናንሽ ጀልባዎች ልባስ እንመለከታለን።

ለምሳሌ የምንወስደው «ሚረር» የተባለውን ጀልባ ነው። ይህ ጀልባ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1963 ዓ.ም. «ዴይሊ ሚረር» በተባለው ጋዜጣ ድጋፍ የወጣ ሲሆን፣ ተራው ሰው በቤቱ ሊገጣጥመው እንዲችል የታቀደ ነበር። ርዝመቱ 3.3 ሜትር፣ የአካሉ ክብደት 45 ኪሎ ያህል ነው፤ ከ70,000 በላይም ተሠርቷል። በመጀመሪያው አሠራሩ አካሉ ኮምፔንሳቶ ስለሆነ፣ በየብስ ላይ ሲቀመጥ የሚያሰጋው የባሕር ውሃ ሳይሆን ዝናም ነው። የባሕር ጨው እንጨት የሚያበሰብሰውን ሻጋታ ሲገታ፣ በየመጋጠሚያው የተኛ የዝናም ውሃ ግን ያራባዋል።

ልባስ ያስፈለገው ስለዚህ ነው። ነገር ግን ልባሱ ራሱ ጀልባውን ሊያጠፋው ይችላል። እንጨት በውስጡ ያለው ርጥበት ከደረቅ ክብደቱ 20 በመቶ በታች ከሆነ በአብዛኛው አይበሰብስም፤ አየር በማያሳልፍ ፕላስቲክ በታፈነ ጀልባ ውስጥ ግን ከእንጨቱ የሚወጣው ተን መውጫ አጥቶ ተመልሶ ይንጠባጠባል። የጥጥ ሸራ ዝናም ሲመታው ክሩ አብጦ ቀዳዳውን ይዘጋል፤ ሲደርቅም ተን ያሳልፋል። ጉድለቱ ርጥብ ሆኖ ከቆየ ራሱም መበስበሱ ነው።

አለባበሱ ሥርዓት አለው። አስቀድሞ ጀልባው በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ይደርቃል፤ ሸራዎቹም ይወጣሉ። ከዚያ የጀልባው ፊት ከፍ ተደርጎ፣ በኋላው በኩል ያለው የውሃ መውጫ ውታፍ ይነቀላል። አየር የሚታመቅባቸው ክፍሎች ክዳንም ይከፈታል። በመካከል አንድ እንጨት በቁመቱ ይጋደማል፤ ልባሱም በላዩ እንደ ድንኳን ተዳፍቶ ከፊት ወደ ኋላ ይዘረጋል። ጠፍጣፋ ሆኖ ከተዘረጋ ውሃ ያቁርበታል፤ ክብደቱም ሸራውን ይቀድዳል። ገመዱ በጀልባው ሆድ ሥር ተሳቦ ይታሰራል፤ ላልቶ ከታሰረ ነፋስ እያርገበገበው ልባሱንም ቀለሙንም ይፍቃል። ሆኖም አየር የሚገባበት ክፍተት ከፊትና ከኋላ ይተዋል።

ሲወልቅ ደግሞ በላዩ የቆመው ውሃና የረገፈው ቅጠል አስቀድሞ ይጠረጋል። ከዚያ ገመዱ ተፈትቶ ልባሱ ከኋላ ወደ ፊት ይጠቀለላል፤ እድፉ ወደ ጀልባው ውስጥ እንዳይወድቅ ነው። በመሬት ላይ አይጎተትም፤ ርጥብ እንደ ሆነም ታጥፎ አይቀመጥም።

ይህን ከጣና ሐይቅ የደንገል ታንኳ ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። ደንገል ውሃ ስለሚጠጣ፣ ታንኳው ከሥራ በኋላ ከውሃ ወጥቶ እንዲንጠፈጠፍና እንዲደርቅ ይቆማል። አንዱ ሸራ ያለብሳል፤ ሌላው ለፀሐይና ለነፋስ ይሰጣል። የሁለቱም ጥበብ ግን ውሃው የሚወጣበትን መንገድ መክፈት ነው። ስለዚህም ተመራማሪ የአንድን ዕቃ አጠባበቅ ሲመዘግብ፣ በምን እንደሚሸፈን ብቻ ሳይሆን በየት በኩል እንደሚተነፍስ ጭምር ሊጠይቅ ይገባዋል።